የብፅዓት ነገር፤ ሃይማኖትና ግብረ ገብ በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ ታሪክ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ ስለ መጽሐፉ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ከተባለው የሚበዛው ግን በሁለት ነገር ላይ ያተኮረ ነው። አንደኛው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ሲሆን ሁለተኛው የባላባትና የባላገር ጠብ ነው። እኛ በዚህች አጭር ጥናት ልንመረምረው ያሰብነው ለሁለቱም ሥር ሆኖ ሳለ አንባቢ ቶሎ የሚያልፈውን ነገር ነው፤ ይኸውም ደራሲው ሃይማኖትንና ግብረ ገብን እንዴት እንዳገናኙዋቸው፣ ወይም እንዴት እንደለያዩዋቸው ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውስ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እምነት የሌለው ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ጌታውም ሎሌውም ይጾማል፤ ሁሉም የነፍስ አባት አለው፤ ሁሉም ማርያምንና ጊዮርጊስን ይጠራል። እንግዲህ ክፉ ሥራ ሲሠራ የሚሠሩት አማኞች ናቸው፤ ደግ ሥራም ሲሠራ እንዲሁ። በዚህ የተነሣ ነገሩ «አማኝ ደግ፣ ከሐዲ ክፉ» በሚለው ቀላል ሚዛን ሊመዘን አይችልም። የደራሲው ጥያቄ አማኝ በሆኑት ሰዎች መካከል የሚነሣ ስለሆነ እጅግ የከበደ ነው።

ከእሳቸው በፊት የነበሩት ደራስያን በዚህ መንገድ አልሄዱም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ያላመነው ንጉሥ ክርስትናን ሲቀበል ችግሩ ሁሉ ይፈታል፤ ሃይማኖት እዚያ የታሪኩ መፍትሔ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ በ1925 ዓ.ም. በታተመው «አዲስ ዓለም» አውሮፓ ተምሮ የተመለሰውን ዐወቀን ከተዝካር ድግስና ከሠርግ ልማድ ጋር ያታግሉታል፤ በመጨረሻም ካህናቱ ተሰብስበው ልማዱን ያሻሽላሉ። እዚያ ሃይማኖት ሊጠገን የሚገባው ቤት ነው፤ ጉባኤ ከተደረገ ይጠገናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ጉባኤም አልሰበሰቡ፣ ንጉሥም አላስጠመቁ። ነገሩን ወደ አንድ ልጅ ሕሊና አስገብተው እዚያው ተዉት።

ያም ልጅ በዛብህ ነው። አባቱ ቦጋለ መብራቱና እናቱ ውድነሽ በጣሙ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ያገኙት ልጅ ስለ ሆነና በሕፃንነቱም ሕመም ስለ ጸናበት፣ ቢተርፍላቸው ሳያገባ እግዚአብሔርን የሚያገለግል እንዲሆን ብፅዓት ገቡለት። ልጁ ተረፈ፤ ከማንኩሳ ተነሥቶም የቤተ ክህነቱን ትምህርት እየተከታተለ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ ደረሰ፤ የቅኔ መምህርም ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ወደ ቤታቸው የተጠራው።

ይህን ብፅዓት በንቀት የሚያነብ ሰው መጽሐፉን ሳያነብ ቀርቷል ብንል ድፍረት አይሆንብንም። ከመካከላችን እናቱ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተሳለችለት ማን ነው? ጧፍ ወይም ጃንጥላ ለደብሩ ያልተሰጠለት፣ በታኅሣሥ 19 ወይም በሐምሌ 19 ስለ እሱ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ያልተሄደለት፣ ቢያንስ ያልታሰበለት ጥቂት ነው። ሐኪም በሌለበት አገር የታመመ ልጅ ታቅፎ የሚያድር ወላጅ የሚሰጠው ሌላ ነገር የለውም፤ ስለዚህ ያለውን ይሰጣል፤ ያለውም ያው ልጁ ነው። ደራሲው ይህን ፍርሃትና ይህን ፍቅር ሲጽፉ አልቀለዱበትም። የሞኝ ልማድ ነው ብለው አላለፉትም። ክፋት የሌለበት ሥራ እንዴት ክፉ ፍሬ እንደሚያፈራ ለማሳየት የፈለጉ ይመስለናል፤ መጽሐፉን ከስብከት ያዳነውም ይህ ነው።

የበዛብህ ጭንቀት እንዴት ያለ እንደሆነ እንመልከት። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የፈራው ፊታውራሪን ብቻ አይደለም። ከሰው ዘንድ የሚመጣው ቅጣት አንድ ነገር ነው፤ መሸሽ ይቻላል፤ ሸሽቶም አዲስ አበባ ገብቷል። ከእግዚአብሔር ዘንድ የሚመጣው ግን የሚሸሹት አይደለም። እሱ ራሱን የሚያየው የሰውን ልጅ እንደሚወድ ጎልማሳ ሳይሆን የተሰጠ ዕቃ እንደሚሰርቅ ሌባ ነው፤ የሚሰርቀውም ዕቃ እሱ ራሱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በአማርኛ ልብ ወለድ ከዚያ በፊት የጻፈው ሰው መኖሩን አላየንም።

እዚህ ላይ ግን ለደራሲው ያለንን አክብሮት ሳንቀንስ አንድ ነቀፌታ ማቅረብ ግድ ይሆንብናል። በዛብህ የቅኔ መምህር ነው። ብሉይንና ሐዲስን ሲሰማ ያደገ፣ ከመጻሕፍት ምስጢር እያወጣ ቅኔ የሚቀኝ ሰው ነው። ታዲያ ስለ ራሱ ብፅዓት መጻሕፍት ምን እንደሚሉ ለምን አይጠይቅም? ሐና ልጇን ሳሙኤልን ገና ሳትፀንሰው ለእግዚአብሔር ተስላዋለች፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ልጁ በመቅደስ ተኝቶ ሳለ በሌሊት በስሙ ተጠርቶ በገዛ አፉ መልስ ሰጥቷል። የእናቱ ስለት የጸናው እሱ ራሱ እሺ ካለ በኋላ ነው ቢባል ከትርጓሜ መውጣት አይመስለንም። ከዚህም በላይ ሳሙኤል ሚስት አግብቷል፤ ኢዮኤልና አብያ የሚባሉ ልጆችም ነበሩት። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 27 በብፅዓት የተሰጠ ሰው በገንዘብ የሚቤዥበትን ሥርዓት ይደነግጋል፤ ዕድሜው ከ5 እስከ 20 ዓመት ለሆነ ወንድ 20 ሰቅል ነው። ኦሪት ዘኍልቍ ደግሞ በምዕራፍ 30 ስለት የተሳለች ልጅ አባቷ ነገሩን በሰማበት ቀን ቢከለክላት ነፃ እንደምትሆን ይናገራል። እንግዲህ መጽሐፍ ለዚህ ነገር በር አልዘጋም፤ በር ከፍቷል።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ የዮፍታሔ ታሪክ አለ። ዮፍታሔ ከጦርነት በደኅና ቢመለስ ከደጁ መጀመሪያ የሚወጣውን ሊሠዋ ተስሎ አንዲት ልጁ ወጣችበት። ኢያቄምና ሐናም እመቤታችንን በ3 ዓመቷ ወደ ቤተ መቅደስ ማግባታቸው ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ተብሎ ይከበራል። የማንኩሳ ወላጆች ልብ ውስጥ የነበረው ይህ የመጨረሻው ምሳሌ እንደ ሆነ አንጠራጠርም። እነዚህ ምሳሌዎች እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ፤ የዲማ ጉባኤ ተማሪ ሁሉ ያውቃቸዋል። በዛብህ በአንዲት ሌሊት እንኳ እነዚህን በልቡ ሲያከራክር ብናይ ኖሮ የሕሊናው ትግል ከፍርሃት ወደ ዕውቀት ከፍ ባለልን ነበር። ደራሲው ይህን ለመጻፍ ዕውቀት አንሷቸው ነው አይባልም፤ የቄስ ልጅ ናቸው፣ ራሳቸውም በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ቅኔ ተምረው ነው ወደ አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤቶች ዘመናዊውን ትምህርት የያዙት። ምናልባት አዋቂውን ሰው እንዲህ በፍርሃት ታስሮ ማሳየት ፈልገው ይሆናል፤ ዕውቀት ያለ ነፃነት ምንም እንደማያደርግ ለማስረዳት። ይህ ከሆነ ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ ነገር ግን አንባቢው እንዲያስተውለው አንድ ምልክት ሊተዉልን ይገባ ነበር።

ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ስንገባ ሃይማኖት ሌላ መልክ ይይዛል። እዚያ ፍርሃት የለም፤ ልማድ አለ። ጾሙ ይጾማል፣ ማኅበሩ ይጠጣል፣ ካህኑ በማዕድ ይቀመጣል። ነገር ግን ቤቱን የሚያስተዳድረው ሌላ ሕግ ነው፤ እሱም ዘር ነው። ሰብለ ወንጌል ያለ ዕድሜዋ ቤት የቀረችው በዘር የሚመጥናት አልተገኘም በመባሉ ነው። አንድ ጥምቀት፣ አንድ ቁርባን የሚቀበሉ ሰዎች የአጥንት ቈጠራ ሲመጣ ከአንድ አዳም መወለዳቸውን ይረሳሉ። ፊታውራሪ ይህን ሲያደርጉ ኀጢአት እንደሚሠሩ አይታወቃቸውም፤ ደራሲው በጣም ያሳዘኑን በዚህ ነው። ክፉ ሰው አድርገው ሊያቀርቡዋቸው ይችሉ ነበር፤ አላደረጉም። ሳቅ የሚያመጡብን፣ አንዳንዴም የምናዝንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሕሊናቸው አይወቅሳቸውም፤ ምክንያቱም ወቃሽ እንዲሆን የተሾመው የነፍስ አባት ከወቃሽነት ይልቅ ወዳጅነትን መርጧል።

የነፍስ አባትን ነገር ጥቂት እናብራራው። በአገራችን ሥርዓት የነፍስ አባት የአንድ ቤተ ሰብ መካሪ፣ አስታራቂና ቀኖና ሰጪ ነው። ሥልጣኑ ታላቅ ነው፤ ኑሮው ግን በዚያው ቤት እጅ ነው። ዳኛው በተከሳሹ እንጀራ የሚኖር ከሆነ ፍርዱ ምን ሊሆን እንደሚችል ማንም ያውቃል። ደራሲው ካህኑን ሌባ ወይም ዘማዊ አድርገው አልሣሉትም፤ እንዲህ ያለው ነቀፌታ ርካሽ ነው፤ በየመጠጥ ቤቱም ይገኛል። የሣሉት ደካማ ሰው ነው፤ መናገር በሚገባው ጊዜ ዝም የሚል፣ ዝም ማለት በሚገባው ጊዜም የጌታውን ቃል የሚደግም። ባላገሮቹ ከልክ ያለፈውን ግብር አንሰጥም ብለው አበጀ በለውን መሪ አድርገው ሲነሡ የተነሡት በፊታውራሪ ላይ ነው እንጂ በእግዚአብሔር ላይ አልነበረም። ይህን ልዩነት ቀድሞ ማስረዳት የነበረበት ካህን ነበር። ካህኑ ስላላስረዳ ባላገሩ በጠብመንጃ አስረዳ፤ ፊታውራሪም ተማረኩ።

አሁን ወደ ጉዱ ካሣ እንምጣ። ካሣ ዳምጤ የቤቱ ዘመድ ሆኖ ሳለ የዘመዶቹን ነውር ፊት ለፊት የሚናገር በመሆኑ እንደ እብድ ይቈጠራል፤ «ጉዱ» የሚለውም ቅጽል የወጣለት በዚሁ ነው። የማኅበሩን ሥርዓት መሠረቱ እንደ ተናጋ አሮጌ ሕንፃ እየመሰለ የሚናገረውን ያልሰማ አንባቢ የለም። የሚከራከረው ሃይማኖትን ክዶ አይደለም፤ ይልቁንም የሰው እኩልነት ከፈጣሪ የተገኘ ነው ከሚለው ሐሳብ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ የነቢይ ሥራ የሚሠራው ማዕረግ ያለው ካህን ሳይሆን ማዕረግ የሌለው «እብድ» ነው። ይህ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስለ እግዚአብሔር እብድ ሆነው የኖሩ ቅዱሳን በመጻሕፍቶቻችን ብዙ ናቸው፤ ደራሲው ካሣን በዚያ መስመር አቁመውታል።

የሆነ ሆኖ ካሣ ሲናገር የሚመልስለት የለም። የሚቃወሙት ሁሉ ወይ ይቈጣሉ፣ ወይ ይስቁበታል፤ በዛብህም አብዛኛውን ጊዜ አድማጭ ነው። ተቃዋሚ የሌለው ክርክር ወደ ስብከት ያደላል፤ በእነዚያ ገጾች ታሪኩ ቆሞ ደራሲው ራሳቸው በካሣ አፍ የሚናገሩ ይመስለናል። ልማድን በብልሃት የሚከላከል፣ ሥርዓት ድንገት ሲፈርስ መጀመሪያ የሚጐዳው ድኃው ነው ብሎ የሚሟገት አንድ ሊቅ በዲማ አልነበረምን? ነበረ፤ ደራሲውን ያስተማሩት እንደዚያ ያሉ ሰዎች ናቸው። መጽሐፉን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ የሰሙት ወዳጆቻችን በዚህ ነቀፌታ አይስማሙም፤ የካሣ ንግግር አንድም ቃል የሚጣል የለውም ይላሉ። ድምፁን እኛም ሰምተናል። ነገር ግን የአንባቢው ጥበብና የድርሰቱ ጥበብ ሁለት ናቸው።

ከጓደኞቻችን ጋር በዚህ መጽሐፍ ላይ ስንወያይ አጥብቆ የተያዘው ክርክር ግን ሌላ ነበር። አንዱ በዛብህ የሞተው ብፅዓቱን ስላፈረሰ ነው አለ። ነገሩን ቀላል አድርገን ልናልፈው አልቻልንም። በእርግጥ ታሪኩን በዚህ መንገድ የሚያነቡ ብዙ ሰዎች አሉ፤ የልጁ ሕይወት በስለት ተገኘች፣ ስለቱ ሲፈርስ ሕይወቱ ተወሰደች ይላሉ። ሒሳቡ ይገጥማል። ይሁን እንጂ ደራሲው ቅጣት ማሳየት ቢፈልጉ ኖሮ የቀድሞውን የሕፃንነት ሕመም መልሰው ባመጡበት ነበር፤ እሳቸው ግን በዛብህን በመንገድ ለወንበዴ እጅ ሰጡት። ወንበዴ የእግዚአብሔር መልእክተኛ ነው የሚል ካለ ያስረዳን። በዓባይ በረሓ በዚያ ዘመን ነጋዴውም ተሳላሚውም በወንበዴ ያልቅ ነበር፤ ብፅዓት የነበረበትም ያልነበረበትም።

ጓደኛችን በዚህ አልረካም፤ እኛም ሙሉ በሙሉ እንዳልረካን እንናገራለን። ምክንያቱም ሰብለ ወንጌል በደረሰችበት ጊዜ በዛብህ ሊሞት ተቃርቦ ነበር፤ በዚያ በመጨረሻው ሰዓት ባልና ሚስት ሆኑ። አንድ ቀን እንኳ ቤት ሳይመሩ፣ አንድ ማዕድ ሳይቈርሱ። ብፅዓቱ ፈረሰ እንዳንል በአንድ ቤት ኖረው ትዳር አላዩም፤ ጸና እንዳንል አግብቷል። ደራሲው ነገሩን በሁለት ስለት ምላጭ ላይ አቁመውታል፤ ማንም ወገን ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው ሊለው አይችልም። ይህ በድንገት የሆነ አይመስለንም።

ከዚህም የበለጠ ያሳሰበን የልብሱ ነገር ነው። ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ስታመልጥ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ነው። በዚያ ጊዜ ልብሱ ሐሰት ነበር፤ ሴት መሆኗን ለመሸሸግ፣ የጌታ ልጅ መሆኗንም ለማጥፋት የለበሰችው ነው። ጠንካራ ፈራጅ ቢኖር በቅዱስ ልብስ አታለለች ብሎ ሊከሳት ይችላል። በዛብህ ከሞተ በኋላ ግን ያችው ሴት በእውነት መነኰሰች። ማንም አላስገደዳትም፤ ወላጅ አልተሳለባትም፤ የነፍስ አባት አላዘዛትም። በማንኩሳ አባትና እናት በሕፃን ላይ የጫኑት ብፅዓት ነበር፤ በታሪኩ መጨረሻ ደግሞ አንዲት የበሰለች ሴት በገዛ አፏ የገባችው ብፅዓት አለ። መጽሐፉ የተዘረጋው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግነው ሰው ስለ ራሱ እምነት ራሱ ይመልስ እየተባልን ስለ ነበር፣ ይህን ቶሎ ያየነው በዚያ ምክንያት ይሆናል፤ ያም ሆኖ መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን አምጥተን የጨመርን አይመስለንም። ደራሲው ምንኵስናን አልናቁም። ምንኵስና የራስ እንዲሆን ፈለጉ እንጂ።

እንዲህ ከሆነ ሐዲስ ዓለማየሁ የሃይማኖት ተቃዋሚ ናቸው የሚለው አስተያየት፣ በሁለቱም ወገን፣ በሚያመሰግኑዋቸውም በሚነቅፉዋቸውም ዘንድ፣ እንደገና ሊታይ ይገባዋል። ተቃዋሚ ቢሆኑ ኖሮ ሰብለ ወንጌልን ወደ አዲስ አበባ ልከው በሌላ ኑሮ ባቋቋሟት ነበር። ያላደረጉት መንገዱ ጠፍቶባቸው አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሳይፈታልን ቀርቷል። ጉዱ ካሣም በመጨረሻ ወደ ሰብለ ወንጌል መጥቶ ኖሮ ሲሞት ከሁለቱ ጋር በአንድ መቃብር ተቀብሯል። የፍቅረኞቹ በአንድ ጉድጓድ መቀበር የታሪኩ ስም ራሱ ይጠይቀዋል። የዚህ ሰው ግን ለምን? ዕድሜውን ሁሉ አሮጌው ቤት ይፈርሳል እያለ የጮኸ ሰው አዲሱን ቤት ሳያይ፣ ወደ ሕዝብ ሳይሄድ፣ ከአበጀ በለው ጋር ሳይሰለፍ በአንዲት መነኩሲት አጠገብ ዐረፈ። ደራሲው እንዲህ ያለው ሰው በአገሩ የሚያርፍበት ስፍራ መቃብር ብቻ ነው ማለታቸው ነውን? ወይስ ክርክሩን ጨርሶ ያገኘው ዕረፍት ነው? ሁለት ጊዜ አንብበን ሁለት ጊዜ የተለያየ መልስ አገኘን። በትምህርት ክፍሉ ያሉ መምህራንና ጓደኞቻችን በዚህ ላይ ያላቸውን ቢጽፉልን ደስ ይለናል።